ከገደል ማዶ የሚመልስ ሰው

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ አስፋው፤

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ሲወጡ አሁንም ያምዎታል ወይስ ሻል አለዎት? ገብሱ ተወቃ? ውርጩስ ዘንድሮ ማረን? እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗስ? እኔ ልጅዎ ማዕረግ ከናፍቆታችሁ በቀር ጻድቃኔ ማርያም ትመስገን ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፈው ላመሰግንዎት ነው። «ምን አደረግሁልህ?» ይሉ ይሆናል፤ ያደረጉትንማ እነግርዎታለሁ፣ እህቴ ጽናት ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

እማዬን ለዓይን ሞራ ሕክምና እንድታስመዘግብ ጽናትን መሐል ሜዳ ኮምፒውተር ቤት ልኬያት አልነበር? ያንን የኢንተርኔት መመዝገቢያ የሠራው የኛ መሥሪያ ቤት ነው። ሰው ስሙን፣ አገሩንና ሕመሙን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሲጫን፣ ቃሉ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ይደርሳል። የመጣውን መቀበል፣ ማጣራትና ማስቀመጥ የኔና የአለቃዬ የበዕውቀቱ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለዎት! አንዱ ሰው አምስት ስድስት ጊዜ ተመዝግቦ ይመጣ ጀመር። ሕክምናውን የሚያዘጋጁት አሳካሚዎች ተቆጡ፤ ደጋግመው የላኩት ተራ ሊሻሙ ነውና ይሰረዙ አሉ። የሚሰረዙትን ስለይ አንዱ ስም ብርነሽ ሆኖ አገኘሁት። እማዬ! ክው አልኩ። ጽናት እንኳን የሰው ተራ ልትሻማ የራሷንም የምትለቅ ልጅ ናት። ስለ እናቴ ብቻ ልለምን ቃጣኝ፤ ግን የሌላውስ እናት?

ያኔ እርስዎ ከገደሉ ማዶ ያሉትን ጋሽ ዓምደ ሚካኤልን ሲጣሩ ትዝ አሉኝ። «ነገ ለደቦ ና፣ ማጭድህን ያዝ!» ብለው ይጮሁና፣ እሳቸው «ነገ ለደቦ፣ ከነማጭዴ!» ብለው ቃሉን እስኪመልሱልዎ ከአፋፉ አይነቃነቁም ነበር። ነፋሱ ድምፃቸውን ሲበላው ደጋግመው ይጣራሉ። እኔ ሰልችቶኝ «ሰምተዋል እኮ፣ እንሂድ» ስልዎ፣ «ያልመለሰ ሰው መስማቱን በምን አውቄ እሄዳለሁ?» አሉኝ።

ለካ የኛም መመዝገቢያ መልስ የማይሰጥ ማዶ ኖሯል! ሰው ይጫናል፣ ገጹ ዝም። መስመሩ ደካማ ነው፤ ደረሰ አልደረሰ ማን ያውቃል? የኛ አገር ሰው ደግሞ ማዶው ካልመለሰለት ይጣራል እንጂ መች ይሄዳል።

ይህንኑ የእርስዎን ስም ጠርቼ ለበዕውቀቱ ነገርኩት። የከተማ ልጅ ነውና መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ኋላ ግን አሰበና ጥፋቱ የኛ ነው ብሎ፣ ራሱ ሄዶ አሳካሚዎቹን አስረዳልኝ። እግዜር ይስጠው። ማንም አልተሰረዘም፤ የተደጋገመው ሁሉ አንድ አንድ ሆኖ ተቀመጠ። አሁን ሰው ሲልክ ገጹ ቃሉን መልሶ ያሳየዋል፤ ልክ ነው ሲል ያስቀምጥለትና «ደርሶናል፣ በሰላም ይግቡ» ይለዋል። ደግሞ ቢጫን እንኳ ሁለተኛ አይመዘገብም። የጎደለ ካለ የጎደለውን ብቻ ይጠይቀዋል እንጂ የሞላውን አያጠፋበትም።

አባዬ፣ ሰው ሁሉ ይህን ከትምህርት ቤት ያመጣሁት መስሎት ያመሰግነኛል። እርስዎ አፋፍ ላይ ባያቆሙኝ ከየት አመጣው ነበር? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እንግዲህ ዋናው ነገር፣ የእማዬ ተራ ደርሷል። ሕክምናው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ነው። እሑድ በአውቶቡስ ይዘዋት ይምጡ፤ እዚያው ደብረ ብርሃን መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ በቅርቡ መልኬን አይታ ከሳህ እንደምትለኝ አልጠራጠርም። ጽናትን ያን ሁሉ ጊዜ በመጫንሽ ተባረኪ በሉልኝ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤልንም ከአፋፉ ሆነው ሰላም ይበሉልኝ፤ መልሳቸውን ሳይሰሙ ግን እንዳይገቡ!

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጽናት ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጥታ ትደውልልኝና ቀኑንና ቦታውን ቃል በቃል ትመልስልኝ። እስከዚያ ድረስ እኔም ከአፋፉ አልነቃነቅም።

ልጅዎ ማዕረግ አስፋው
አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.