የእሑድ እንስራ

ከደብረ ታቦር፣ ጾመ ነቢያት በገባበት ረቡዕ
ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፤

ስምንት ዓመት ሙሉ ከእጄ ሰላምታ ያልደረሰሽ እታለም፣ እንደ ምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ ከብቱስ እንደ ምን አለ? የወንዛዬው ፍል ውኃ ለጉልበትሽ ሕመም ረዳሽ ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር። ስለ እርሱ ኋላ እነግርሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የመጣችው ብዙነሽ ናት። የተቀመጠችባትም በቅሎ የእኔ ናት። ከማንበብሽ አስቀድሞ ብዙነሽን አውርጃት፤ ጭነቱንም አንቺው አራግፊ። እርሷ ልትሻማሽ ትነሣለች፤ አትፍቀጅላት። ነገ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ዓርብ ፀሐይ ሳይጠልቅ ከደጃፍሽ እንድትደርስ ቆጥሬ ነው የምልካት፤ ሰንበት በመንገድ ላይ እንዳትገባባት ብዬ። ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ነኝና ሌላ አንባቢ አትጥሪ። ብቻሽን አንብቢው።

ያን እሑድ እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። የሰንበቴው ተራ የእኔ ነበር፤ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ወጥቶ በደጀ ሰላም ተቀምጦ ዳቦዬንና ጠላዬን ይጠብቅ ነበር። ብዙነሽ እንስራውን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ፣ አንቺ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተሽ ከጀርባዋ ልትቀበያት ሄድሽ። «ወንድም ዓለም፣ ሰንበት ለዚህች ሴት የምትገባላት መቼ ነው?» ብለሽ በሰው ፊት ጠየቅሽኝ። እኔም «ሴት በደጀ ሰላም አታስተምርም» አልሁሽ። ሰዉ ሳቀ። ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥሽም። እኔም የረታሁሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልሸሽግሽም።

እንዴት ያለሁ ሰንበት አክባሪ እንደ ነበርሁ ታውቂያለሽ። ከዓርብ ማታ ጀምሮ በቤቴ እንጨት አይፈለጥም፤ እህል አይፈጭም። በሬዎቼ እንኳ ሁለቱን ሰንበት ቆመው ይውላሉ። ብዙነሽን ግን፣ ከሟቿ ባለቤቴ ቤተሰቦች ተሰጥታን ከገባች ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከሚያርፉት ጋር ቆጥሬያት አላውቅም። በሰንበት ከወንዝ ውኃ የምታመጣው እርሷ ነበረች። ተራዬ በደረሰ ቁጥር እንስራውን የምታወጣውም እርሷ ነበረች። ባሪያህና ገረድህ እንዳንተ ይረፉ፣ አንተም ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ የሚለውን ሕግ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለስንቱ ተማሪ አስተምሬዋለሁ። የተባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አሁን የሰሞኑን ስሚ። ጣሊያኖቹ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ የመኪና መንገድ ያስጠርጋሉ። ሰዉን ከአጨዳው እያነሡ በሥራ ቀን ያሠሩት ነበር፤ ኅዳር አምስት ቀን እሑድ ግን ከቅዳሴ ስንወጣ ወታደሮች ቅጥሩን ከበው ጠበቁን። ካህን ምእመን ሳይለዩ አሰልፈው ድንጋይ በገመድ አሳዘሉን። አስተርጓሚያቸው ዘውገ ነው፤ ከእኔ ዘንድ ዜማ ጀምሮ በመንፈቁ የተወው ዘውገ፣ ዛሬ ባለ ጫማ ሆኗል። ሰንበት መሆኑን ለካፒቴኑ እንዲነግረው ብጠይቀው፣ «እሱስ መች ጠፋው የኔታ? እነሱም እሑድ ይቀድሳሉ። ብቻ እነሱ አጭር ይወዳሉ፤ እርስዎ ገና ጉሮሮዎን ሲጠርጉ እነሱ ጨርሰዋል» ብሎ ሳቀ። እኔም ተቆጣሁ። ክርስቲያን በሰንበት ሸክም አይሸከምም ብዬ ድንጋዩን ከመሬት ጣልሁት። ይህን ጊዜ ዘውገ ሰዉ ሁሉ እየሰማው፣ «የኔታ፣ የርስዎ የሰንበቴ እንስራ ዳገቱን የሚወጣው በእግሩ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን መልሼ አዘልሁ።

በቀትር ብዙነሽ ቆሎና ውኃ ይዛልኝ መጣች። ትከሻዬን ገመዱ ልጦት አይታ፣ «ጌታዬ፣ ማንገቻውን ከአጥንቱ ዝቅ ያድርጉት፤ ከላይ ሲሆን ይቆርጣል» ብላ በእጇ አስተካከለችልኝ። ይህን ከየት አወቅሽ ብላት፣ «እኔማ የሰንበት ሸክም ለምጀው የለ» አለች። ምሬት አልነበረበትም። ጨው ከየት እንደ ተቀመጠ የምትነግረኝ ያህል ነበር የተናገረችው። ዞራ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት። ጎብጧል፣ እታለም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ጎብጣ ኖራ ጌታ በሰንበት ቀን ስላቃናት ሴት በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ እኔ ይህን ሳስተምር ብዙነሽ እንስራዋን ይዛ ከበር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

በማግሥቱ ቄሰ ገበዝ ማሩን ምስክር አድርጌ ነፃ መሆኗን ነገርኋት። ጣሊያኖቹም በገበያ ነፃ ናችሁ የሚል አዋጅ ማስነገራቸውን ሰምታ ኖሮ፣ «የነሱስ ነፃነት ድንጋይ ያሳዝላል፤ የርስዎ ደግሞ ምን ያሳዝል ይሆን?» አለችኝ። ለካ ጨዋታ ታውቃለች። ቀጥላም «እንስራውንስ ማን ሊያወጣው ነው?» አለች፤ የዚያ ሳምንት ተራ የእኔ ነበርና።

ዓርብ ከቀትር በኋላ እንስራውን ራሴ አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ማሩ እየሮጠ ደርሶ፣ «የኔታ፣ ኧረ ያዋርዱናል! በሴት ማንገቻ!» ብሎ ሊቀበለኝ ታገለ፤ አልሰጠሁትም። ከደጀ ሰላም አስቀምጬው ሰንበት ሳይገባ ተመለስሁ፤ እሑድ ማንም አልተሸከመም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ በዓርብ አንድ ዳገት መውጣት። ይህን ለማሰብ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በዚያው እሑድ ወታደሮቹ ለመንገዱ ሥራ ሲመጡ ከሽማግሎች በቀር ሰው አላገኙም፤ ሌላው ወደ ገደሉ ሸሽቶ ነበር። ስለዚህ ካፒቴኑ ሌላ ብልሃት አሰበ። ሰኞ አስጠርቶ አዘዘኝ። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከበሩ ቆሜ፣ በእሑድ መሥራት ኃጢአት አይደለም ብዬ በመምህርነቴ እንዳውጅ፣ ከዚያም በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰዉን ለሥራ እንድጠራው ነው። ማሩ ከዚያ ወዲህ ከደጄ አልተለየም። «ሰንበት ለሰው ተፈጠረ ተብሎ የለም ወይ? አንድ ቃል ብቻ ይበሏቸው የኔታ። እኛ በልባችን እናርፋለን» ይለኛል። ሰንበት ለሰው የተፈጠረችው የጎበጠው እንዲቃናባት ነው፣ እኔ ደግሞ የሰውን ጀርባ ማጉበጥ ይበቃኛል አልሁት። አለቀሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች አሉት።

ትናንት ዘውገ ብቻውን መጣ። አልሳቀም። እኔ እምቢ ያልሁ እንደ ሆነ ሰዉንና ቤተ ክርስቲያኑን ምን ያደርጓቸዋል ብዬ ጠየቅሁት። «ሌላውን አይነኩም፤ ሠራተኛ ይፈልጉታል። የፈለጉት የርስዎን አፍ ነው፤ እሱን ከነፈጓቸው አንገትዎን ይወስዳሉ» አለኝ። ከዚያም ወደ ጋጣው እየተመለከተ፣ «በቅሎዎ ብርቱ ናት የኔታ። ወንዛዬ ሁለት ቀን ቢፈጅባት ነው። ሐሙስ በጎሕ ከኬላው የምቆመው እኔ ነኝ፤ በቅሎ ቢያልፍ ቀና ብዬ አላይም» ብሎ እጄን ስሞ ሄደ።

እኔ ብሄድ ከበሩ የሚያቆሙት ማሩን ነው፤ እርሱም ስለ ልጆቹ ሲል ያውጃል። ስለዚህ በኬላው የምታልፈው ብዙነሽ ናት። ከእሑድ በኋላ ይህን ቤት ማን እንደሚይዘው አላውቅምና ከዕቃው ጋር እንድትቆጠር አልፈልግም።

ዛሬ ጧት ወታደሮች መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ያለውን ወይራ መለመሉት። ዝቅ ያሉትን ቅርንጫፎች ሁሉ ቆርጠው አንድ ወፍራሙን ተዉት። ማሩ ለመኪናው መንገድ ነው ይላል። መኪናው በዚያ በኩል አያልፍም።

የብዙነሽ የነፃነት ወረቀት በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታጥፏል፤ ከወንዛዬ ሽማግሎች ፊት አስነብቢላት። ከእናታችን የደረሰኝ በፍል ውኃው አጠገብ ያለው ማሳ የእርሷ ይሁን። መጻሕፍቴን ለተማሪዎቼ አድዬአቸዋለሁ። የሚመጣውን የሰንበቴ ተራዬን ማሩ ተቀብሎኛል፤ እንስራው በዓርብ እንዲወጣ አስምዬዋለሁ። በቅሎዋን አትመልሽልኝ።

እሑድ ከበሩ ስቆም አስቀድሜ የራሴን በደል እናገራለሁ፤ በሰው ፊት አሳፍሬሻለሁና ይቅርታሽንም በሰው ፊት እለምናለሁ። የቀረው ቃሌ አጭር ነው። ዘውገ እንዳለው እነሱም አጭሩን ይወዳሉ።

ሰላም ከቤትሽ አይራቅ። እህልሽ ይባረክ፤ ልጆችሽ ጀርባቸው ቀና ብሎ ይደጉ፤ ጉልበትሽንም አምላክ ያጽናው። ዓርብ ማታ ብዙነሽ በልማዷ ተነሥታ እንስራ ትፈልጋለች። አትቆጫት፤ ዝም ብለሽ ከአጠገቧ ተቀመጪ። ሰንበት ለዚህች ሴት የምትገባላት መቼ ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በዚህ ዓርብ ማታ ነው፣ እታለም፤ በአንቺ ቤት።

ለመልሱ ስምንት ዓመት የዘገየብሽ፣
ወንድምሽ