የጨው ጎረቤቶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ዛሬም ተማሪዎቼ የጨውን ሥዕል ሲሠሩ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎራይድ ለብቻ አጣምረው በክብ አጠሯቸው። «ጨው ውስጥ ባልና ሚስት የለም» አልኳቸው። እያንዳንዱን ሶዲየም ስድስት ክሎራይዶች ከየአቅጣጫው ይስቡታል፤ እያንዳንዱን ክሎራይድም ስድስት ሶዲየሞች። የጨው ጥንካሬ ከዚህ ሁሉ መሳሳብ ነው።

ከሥራ በኋላ ካዛንቺስ፣ እናቴ ጋ ሄድኩ። ግራና ቀኟ ፈርሷል። ጎረቤቶቿ ወደየደረሳቸው ሰፈር ተበትነዋል። እሷ ብቻ ቀርታለች። ዕቃዋን አብሬያት አሰርኩ።

«እማዬ፣ እኔ ቤት እኮ ነው የምትገቢው። ምን ያስጨንቅሻል? እኔ አለሁልሽ።»

«አንተማ አለህ፣ ልጄ። ግን አንድ ሰው ነህ፤ እሱም ማታ ማታ ብቻ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የጭነት መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል።