ሦስተኛው ያመለጠ ምርመራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። የሂሳብ መምህሩ የሁሉንም የቤት ሥራ አየ፣ የእኔን ዘለለው። «አንተ ቀስ ብለህ» አለ። ቀስ ብዬ ምን? ከኋላዬ ያለው ልጅ፣ «እህት የሞተችበት ሰው ታድሎ» ብሎ ሹክ አለ። ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ።

ስመለስ ፀጉሬን ተስተካከልኩ። ፀጉር አስተካካዩ የእህቴን ፎቶ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ሩጫ አሸንፋ ቀድማ ስትገባ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። ሰኔ ላይ ሁለት ምርመራ እንዳመለጣት ዜናው ሲወጣ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ያኔ ማን መሆኔን አያውቅም ነበር። «ንጹሕ ሰው ሽንት ስጪ ሲሏት ትሸሻለች?» ብሎ ሰዉን ሲያስቅ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ምላጩን አንገቴ ላይ ይዞ፣ «የሰው ምላስ ነው የበላት፣ የኔ ወንድም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እውነተኛ እንባ...

ስልኳ አሁንም እኔ ጋ ነው። ማታ ማታ ይጠይቃል፦ «ነገ የት ይገኛሉ?» ትልልቅ ሯጮች በየቀኑ አንድ ሰዓት መርጠው የት እንደሚገኙ ይሞላሉ። መርማሪ በዚያ ሰዓት ሳይነግር ይመጣል። በዓመት ሦስት ጊዜ ከታጡ ይታገዳሉ። እህቴ ስልክ መነካካት ስለማትወድ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞላሁላት እኔ ነኝ። መሞቷን ለዚህ ስልክ የነገረው የለም።

ነገ የት ትገኛለች? ባዶውን ተውኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

በእረፍት ሰዓት ሚዳቋ ጠራችኝ። እግሯ ቀጫጭን ስለሆነ ስሟን ትቶ ሁሉም እንዲህ ነው የሚላት። ክፍላችን አንድ ነው። ከእህቴ ጋር አንድ አሰልጣኝ ዘንድ ነበር የምትሮጠው።

«ስማ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ገባሁ!»

«የምን ዝርዝር?»

«የሚመረመሩት ነዋ። በእሷ ቦታ።» አፏን ያዘች። «ውይ... ማለቴ...»

«ገብቶኛል።»

«አሰልጣኙ፣ እሱ ይሙላልሽ፣ ለምዶታል አለኝ።»

«አንቺ እጅ የለሽም?»

«እኔ የምሮጠው በእግሬ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ ይላል። ስትስቅ እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ክርኗ ውስጥ ትንሽ ጥጥ ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቫይታሚን። ሮጠህ የማታውቅ ሰውዬ፣ ምን ይገባሃል?»

«መቼ መቼ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ። ከረጅሙ ሩጫ በኋላ፣ እሱ ቤት፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ።»

የእህቴም ቅዳሜ ነበር፣ አሥር ሰዓት ላይ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ይውጣልኝ።

ነሐሴ 14። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ደወሉ ጮኸ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ባለ ቦርሳዋ መርማሪ ናት። ልከፍት ስል እህቴ በባዶ እግሯ ከኋላዬ መጣች።

«የለችም በል።»

«ሦስተኛሽ ነው እኮ!»

«ላመለጠ ሰው ሰበብ አይጠፋም። ደም ግን ሰበብ የለውም። በል!»

በሩን ገርበብ አደረግኩት። እሷ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ትንፋሿ ክንዴ ላይ ይሰማኛል።

«የለችም» አልኩ።

«የት ሄዳ?»

«አክስታችንን አሟት።»

አክስት የለንም። ሴትዮዋ ደንቡ ነው ብላ ሰዓቱ እስኪሞላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በየአሥር ደቂቃው እየተነሳች ትደውላለች። አሳዘነችኝ። ውሃ ወሰድኩላት። «ጨዋ ልጅ ነህ» አለችኝ። ስትሄድ ስልክ ቁጥሯ ያለበት ወረቀት በበሩ ሥር አስገባች።

ከዚያ ሳቅን። ወለሉ ላይ ተንከባለን ሳቅን። እህቴ «አክስታችንን አሟት!» እያለች ትን እስኪላት ሳቀች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት አልተነሳችም።

ሐኪሙ ደሟ ወፍሮ፣ ረግቶ፣ ሳንባዋን ዘጋው አለ። «መድኃኒት ትወስድ ነበር?» ሲል እናቴ፣ «የእኔ ልጅ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አትውጥም!» ብላ ጮኸችበት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከእንቁላሉ ጀርባ፣ ትናንሽ ጠርሙሶች እንዳሉ አውቃለሁ። ጫማውን አየሁ። ቡናማ ነበር።

ቤት ስንደርስ አሰልጣኙ ቀድሞናል። ጎረቤት ከፍታለት፣ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወጥ ቤት ገብቷል። እናቴ ስታየው እቅፉ ውስጥ ወደቀች። ከእሷ በላይ አለቀሰ። ሲመሽ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ጠርሙሶቹ የሉም። ከእንቁላሉ ጀርባ ያለችው ቦታ ብቻ በጨርቅ ተወልውላለች። ሌላው ሁሉ እንደቆሸሸ ነው።

ያን ቀን «ይግቡ» ብዬ ቢሆን ኖሮ? ደሟን ይወስዱ ነበር። ይደረስባት ነበር። አራት ዓመት ትታገድ ነበር።

አራት ዓመት ምን አላት?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አሰልጣኙ መጣ። ኅዳር 7 በእህቴ ስም ሩጫ ይደረጋል። ፎቶዋ ያለበት ካናቴራ፣ ትልልቅ ሰዎች፣ ቴሌቪዥን። «ሩጫውን የሚያስጀምረው ወንድሟ ነው» አለ። እናቴ የምትሰፋውን ዩኒፎርም አስቀምጣ ተንበርክካ እግሩን ልትስም ምንም አልቀራት። «ኧረ በሕግ! ኧረ እማማ!» እያለ አነሳት።

ልሸኘው ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ለሚዳቋም የሚሰጧት ያንኑ ነው?»

ፈገግ አለ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ከባድ ነው።

«ልጄ፣ መርማሪዋ ስትመጣ እኔ ነበርኩ?»

«አልነበሩም።»

«የለችም ያለው የማን አፍ ነው?»

ከክንዱ ሥር ልወጣ ሞከርኩ። አጥብቆ ያዘኝ።

«እናትህ ይህን ብትሰማ የምትተርፍ ይመስልሃል? እኔ አልነግራትም። ምስጢርህ እኔ ሆድ ውስጥ ነው፣ አይዞህ።» እናቴ በመስኮት እያየችን ነበር። እጁን አውለበለበላት።

ስገባ «ምን አለህ?» አለችኝ።

«አይዞህ አለኝ።»

«እንደ አባት እኮ ነው!» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለሚዳቋ ነገርኳት። ስለ ጠርሙሶቹና ሐኪሙ ስላለው። ስለ በሩ አልነገርኳትም።

«ቀናህ» አለች።

«በምን?»

«እሷ ሞተች፣ እኔ አለሁ። በዚህ።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«አንተን ሳይ ያመኛል!» ልጆቹ አጨበጨቡላት። እኔንም አሳቀችኝ።

ደረጃውን ስንወጣ ግን ወደኋላ ቀረች። ጎንበስ ብላ ባቷን ታሻለች። እህቴም በመጨረሻው ሳምንት እንዲሁ ታሽ ነበር። እያየኋት እንደሆነ ስታውቅ ቀጥ አለች።

«ስማኝ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እናቴ የሰው ልብስ ታጥባለች። እጇን አይተኸዋል? ተልጧል። አንተ ሻምፒዮን እህት ነበረችህ። ጠግበህ ነው የምታወራው።»

ቦርሳዋን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።

«ሰዓቱን ሞልተህልኛል?»

«ሞልቻለሁ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የመርማሪዋን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት። የፊዚክስ ደብተሬ ውስጥ ነው። ሁለቴ ደውዬ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሳች።

«ማን ልበል?»

«ደረጃው ላይ... ውሃ የሰጠሁዎት።»



«አክስትህን ተሻላት?»

ስልኩን ልዘጋው ነበር።

«አክስት የለኝም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «እህትህ ያን ቀን ቤት ነበረች?» አለች።

«ከበሩ ጀርባ።»

«ስንት እርምጃ ነበር?»

«እርምጃ የለውም።»

ስትጽፍ ይሰማኛል። ልታጽናናኝ እንኳ አልሞከረችም። ልክ ናት።

ከዚያ የሚዳቋን የቅዳሜ ሰዓት ቀየርኩ። ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ። ቦታ፦ የአሰልጣኙ ቤት፣ የጓሮ ክፍል። ሐሰት የለበትም። በዚያ ሰዓት የምትሆነው እዚያ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የዚህን ያህል ትክክል ሞልቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አሥር ሰዓት። አልጋዬ ላይ ነኝ። እናቴ የስፌት ማሽኗን ትነዳለች።

አሥር ተኩል።

አሥራ አንድ። እናቴ ያለቀውን ዩኒፎርም እያጣጠፈች ነው። «ምን ሆነሃል፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ተያዙ። መርፌው ክንዷ ውስጥ እያለ ነው የገቡት። ሰኞ ውጤቱም ወጣ።

አሰልጣኙ ሬዲዮ ላይ ቀረበ። «አባት ሆኜ ተከዳሁ» አለ። ሐኪም አዞልኛል ያለችውን አምኖ እንጂ ምን እንደነበር አያውቅም። የእህቴ ነገርም እንደ እግር እሳት ሲያቃጥለው ኖሯል። «የት እንደሚገኙ የሚሞላው፣ መርማሪ የሚመልሰው ወንድሟ ነበር፤ እሱን ጠይቁ» አለ።

ጋዜጠኞች መጥተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የበሩንም። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ነበር።

ሩጫው ቀረ። ሜዳው በር ላይ ያለውን ፎቶዋን ዓይኗን በምስማር ፍቀውታል። ፀጉር አስተካካዩ የእሱን ቀዳዶ ጥሏል። ሳልፍ ወጥቶ፣ «ድሮስ ብዬ አልነበር!» አለኝ። ብሎ ነበር፣ አልዋሸም። የጓሮዋ ክፍል ታሽጋለች። አሰልጣኙ ግን ትናንት ሌላ ሜዳ ላይ ታይቷል። ሰዓት መያዣው አንገቱ ላይ፣ ስድስት ልጆች ከፊቱ።

እናቴ ሁለት ቀን ማሽኗን ብቻ ነዳች። ዛሬ ማሽኗን አቁማ አፌን አየችው።

«በዚህ አፍ ነው የለችም ያልከው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ልጄን ሊያድናት ሲችል ዘጋኸው። ከሞተች በኋላ ለምን ከፈትከው?»

«ሚዳቋ...»

«ሚዳቋ የእኔ ልጅ ናት?»

ራት ለራሷ ብቻ አቀረበች። ሆን ብላ አይመስለኝም። ሆን ብላ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እናቴ አሁን በስሜ አትጠራኝም። «አንተ» ነው። የእህቴን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራዋለች።

ሚዳቋ አራት ዓመት ታገደች። ትምህርት ቤት መምጣት ካቆመች ወር ሊሞላት ነው። ዛሬ ገበያው መግቢያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከእናቷ ጋር የታጠበ ልብስ ተሸክመዋል። አየችኝ። እስሩን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ገዳይ!» ብላ ጀመረች። «እህትህን ቀብረህ አልጠግብ ብለህ! የሙት ጠባቂ! ምነው አንተን በደፋህ! እግሬን የቆረጥከው አንተ ነህ! እግሬን!» እናቷ በዚያ በተላጠ እጇ ትጎትታታለች፣ «ተይ ልጄ፣ ሰው ያያል» ትላታለች። ሰውም አየ። ተሰበሰበ። የማላውቃቸውን ስድቦች ሁሉ አወረደችብኝ። ስለ እናቴ፣ ስለ አፌ፣ ስለምተኛበት አልጋ። ፊቷ ቀልቷል። የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ድምጿ ከገበያው ጫጫታ በላይ ነው፤ ከየት እንደምታመጣው እንጃ። አንዴ ብቻ ነው ቆም ብላ ትንፋሽ የወሰደችው።

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። «ሂድ እንጂ ልጄ። ይህን ሁሉ ቆመህ የምትሰማው ምን ሆነህ ነው?»

«ትጨርስ» አልኳቸው።

ሰማችኝ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።