«አለሁ» ሳይባል አይነሳም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የጠዋት ቆጠራ፦ የሱፍ ምንጣፍ ስድስት፣ የጥጥ ሦስት፣ ሐር የለም። ከሱፎቹ ሁለቱ ታጥበው ጣሪያ ላይ ተሰጥተዋል። ሰማዩ ጠርቷል።

ለውድ ልጄ፣

ቆጠራውን ከላይ ያየሽው ከማስታወሻ ደብተሬ ገጽ ቀድጄ ስለምጽፍልሽ ነው። ሌላ ወረቀት ፍለጋ ብወጣ ደንበኛ ያመልጠኛል። «ወረቀትም ትቆጥቢያለሽ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ እቆጥባለሁ።

ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሜዳ ላይ አይለግምም። የሱቁን የፊት መስታወት አስቀየርኩት፤ አሁን መንገዱ በሙሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚገባ ሰው ግን አልጨመረም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ አንቺ ገና አፍሽን ስትፈቺ «መርፌ» ብለሽ ስም ያወጣሽለት፣ እንደ ወትሮው ክሩን በጥርሱ ይዞ ያወራል። ሰላም ብሎሻል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ትናንት በስልክ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «እማዬ፣ ምንጣፉ ላይ ሻይ በወተት ፈሰሰ። ጨለማው ጫፍ ላይ። እዚሁ ቤት ይጸዳል ወይስ ላምጣው?» ከዚያ በፊት የላክሽልኝ የልደቴ ቀን ነበር፤ ከልደቴ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። እንደ ወቀሳ አትቁጠሪው፤ እንዲያው ቆጠራ ስለለመደብኝ ነው።

እኔም ወዲያው «በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበሽ በነጭ ፎጣ እየተጫንሽ አንሺው፣ አትፈትጊው፣ ቀሪውን እጽፍልሻለሁ» ብዬ መለስኩልሽ። «ላምጣው?» ላልሽው ግን አልመለስኩም። ረስቼው አይደለም።

ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ በር ላይ የተባባልነውን አንደግመውም። አንቺ «የሰው ኮቴ ሳጸዳ አላረጅም» አልሽ። እኔ የሐር ምንጣፉን ከሻንጣሽ ጋር አሰርኩና «ካልፈለግሽው ሽጪው» አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሸጥሽው መስሎኝ ነበር። ገዢውን ሁሉ በሐሳቤ መርጬልሽ ነበር፤ ሰፊ ሳሎን ያላት፣ ጫማ የማታስገባ፣ ልጆቿ ያደጉላት ሴት። ስለዚህ ሻይ ፈሰሰ ስትዪኝ መጀመሪያ የታየኝ እድፉ አይደለም። ምንጣፉ መነጠፉ ነው። ተጠቅልሎ ጥግ ላይ የቆመ ምንጣፍ ላይ ሻይ አይፈስም።

ደግሞ «ጨለማው ጫፍ» አልሽ። ይህን ስም ያወጣሽው በእግር ጣትሽ ቆመሽ እንኳ ጠረጴዛው ላይ የማትደርሺ ጊዜ ነው። የሐር ፀጉር ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ፣ ከአንዱ ጫፍ ቆመው ሲያዩት ያበራል፣ ከሌላው ጫፍ ሲያዩት ይጠቁራል። አንቺ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሮጥሽ «እማዬ፣ አሁን መሸ! እማዬ፣ አሁን ነጋ!» ትዪ ነበር። ደንበኞች ይስቁ ነበር። እኔም ስሙን ወሰድኩት፤ እስከ ዛሬ ለደንበኛ የማስረዳው በእሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከማዶው ሕንፃ የጥርስ ሐኪሟ አንድ ጥቅል በትከሻዋ ተሸክማ ገባች። በእጄ ጀርባ ዳሰስ አደረግኩት። ሐር ነው፣ ያውም ጥሩ ሐር።

«ሐር አልቀበልም» አልኳት።

«እማማ፣ ሰሌዳዎ ላይ ሐር ይላል እኮ!»

«ሰሌዳው ቆይቷል።»

«እኔ በሬ ላይ ጥርስ ብዬ ጽፌ፣ ጥርስ አልነካም ብል ምን ይሉኛል?»

«ተመስገን እልሽ ነበር።»

መርፌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ስለነበር ሳቁን መያዝ አቃተው። እሷ ግን አልሳቀችም። ጥቅሏን መልሳ ተሸከመችና ወጣች። በአዲሱ መስታወት እስከ ማዶ ድረስ አየኋት፤ ምንጣፉ ትከሻዋ ላይ እንደ ተኛ ልጅ ተንጠልጥሎ ነበር።

መርፌ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሐር ስትመልሺ ለሰው ሁሉ ወገቤ ነው ትያለሽ» አለኝ። «ወገብሽ ደህና ነው። ትናንት ያንን የሱፍ ጥቅል ብቻሽን ስታወጪ አይቼሻለሁ።»

«ሱፍ በአንድ ሰው ይነሳል። የረጠበ ሐር ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

«እኔስ? ሰው አይደለሁም?»

አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር፣ ከእሱ ጋር። መሃል መንገድ ላይ ወሬ ትዝ አለውና ቀጥ ብሎ ቆመ። ምንጣፉ እንደ አሮጌ አልጋ ረገበ። ይህን ሳስታውሰው «ወሬው ግን ጥሩ ነበር» አለኝ።

ከዚያ መልእክትሽን አነበብኩለት። ለማንም አላነብም፣ ግን እሱ ስምሽን ሲሰማ ዝም ይላል፤ ያ ደግሞ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?» አለ። «ቤት አይጸዳም በያት። አንድ ቃል ነው። አምጪው በያት!»

«ይጸዳል እኮ።»

«ይጸዳል! ለደንበኛ ሁሉ ‹አትንኩት፣ አምጡት› የምትዪ ሴትዮ፣ ለገዛ ልጅሽ ጊዜ ሐቀኛ ሆንሽ?»

አልተሳሳተም። ይህ ሱቅ የቆመው «አምጡት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ግማሹን ሥራ ሰዎች ቤታቸው ሊሠሩት ይችሉ ነበር፤ ስለሚፈሩ ያመጡልኛል፣ እኔም አላደፋፍራቸውም። ንግድ ነው።

«ደግሞስ» አለ መርፌ፣ «ልጅቷ ስለ ምንጣፍ የጠየቀችሽ ይመስልሻል?»

ይህን ሲል ክሩን ከአፉ አውጥቶ ነበር። እኔ ሥራ አለብኝ አልኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ በጸጥታ አሰብኩበት። «አምጪው» ብልሽ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ቲኬት ቆርጠሽ እስክትመጪ ወራት ይሄዳል። ሐር ውስጥ የቆየ ወተት ደግሞ አይጠብቅም። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻም ብል ይጠራል። አንቺ በሩ ላይ ስትደርሺ የያዝሽው ምንጣፍ ሳይሆን የምንጣፍ ሬሳ ይሆን ነበር። አንቺን ለማየት ብዬ ያንን ላድርግ? ሒሳቡ አልመጣልኝም።

ስለዚህ መልሱ ይህ ነው፦ ቤት ይጸዳል። አታምጪው።

ይህን መስመር ከጻፍኩ በኋላ ወደ ጣሪያ ወጥቼ የተሰጡትን ምንጣፎች ገለበጥኳቸው። ገና መገልበጫ ሰዓታቸው አልደረሰም ነበር። አሁን ተመልሻለሁ።

ወተቱ ፖስታ አይጠብቅምና ገጾቹን ዛሬውኑ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ወረቀቱ ኋላ ይከተላል። በመጀመሪያ የፀጉር ማድረቂያሽን ከክፍሉ አውጪው። አውቅሻለሁ፣ ችኩል ነሽ። ሙቀት ወተቱን ከሐሩ ጋር ያጋባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፍቺ የለም። ሙቅ ውሃም እንደዚያው። በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ ሶዳ፣ እንዳታስጠጊ። ጎረቤት «እኔ ጋ ሁሉን የሚያነሳ ነገር አለ» ቢልሽ አመስግነሽ በሩን ዝጊ፤ ሁሉን የሚያነሳ ነገር ቀለሙንም ያነሳል።

ቀጥሎ ከጀርባው በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ቀለሙን ፈትኚ። ነጭ ጨርቅ በውሃና በትንሽ አቼቶ አርጥበሽ ተጫኚው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ ቀጥዪ። ቀይ ከነካው እዚያው አቁሚና ደውዪልኝ። ባይነካውም መደወል ይቻላል።

ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሕፃን ሻምፖ ጠብ አድርጊና ምቺው። የምትፈልጊው አረፋውን ነው፣ ውሃውን አይደለም። አረፋውን በጨርቅ እያነሳሽ ከእድፉ ዳር ወደ መሃሉ ተጫኚ። አትፈትጊ። ሐር ከተፈተገ ፀጉሩ ይሰበራል፤ የተሰበረ ሐር እንደ ሱፍ አያገግምም፣ ቂም ይይዛል። ወተቱ ሲለቅ የሻዩ ቡናማ ቀለም ብቻውን ይቀራል። ያኔ አንድ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ በዚያው ዘዴ ንኪው። በመጨረሻ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ። ሽታው አያስጨንቅሽ፣ ሲደርቅ ይጠፋል።

ከላይና ከታች ደረቅ ፎጣ አድርጊለት። የታችኛው ፎጣ ሲርስ መቀየር አለበት፤ ለዚያም ምንጣፉ ይነሳል። አሁን በደንብ አንብቢ፤ ምንጣፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የረጠበ ሐር በአንድ ሰው አይነሳም። መሃሉ ይረግባል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ቅርጹ እንደተጣመመ ይቀራል። በሁለት ሰው፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ እኩል።

አንቺ ሻይ በወተት አትጠጪም። ሕፃን ሳለሽም የወተቱን ስልባቦት አይተሽ ፊትሽን ታዞሪ ነበር። ስለዚህ የፈሰሰው የሌላ ሰው ሻይ ነው። ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው ክፍልሽ ውስጥ መኖሩን ከእድፍ ማወቄ በቂ ነው። ትናንት ማታ ያንን ወተት እያሰብኩ ተኛሁ፣ በደንብም ተኛሁ።

ያ ሰው ጨለማውን ጫፍ ይያዝ። ብርሃኑን አንቺ እንደለመድሽው ያዢ። የጨለማው የእኔ ቦታ ነበር፤ ከበድ ይላል፣ ዘርፉ ውሃ ይቋጥራል። እጁን ከሥር ሰፋ አድርጎ እንዲያስገባ ንገሪው እንጂ ዘርፉን ጨብጦ እንዳይጎትት። እና ደንቡን አስተምሪው። እኔና አንቺ «አንድ፣ ሁለት» ብለን አንስተን አናውቅም። ጥሩ አድርጎ የያዘ «አለሁ» ይላል፤ ሌላውም ሲይዝ «አለሁ» ይላል። ሁለቱም ሳይሉ አይነሳም። አንዳንዴ ሆን ብለሽ ትዘገዪብኝ ነበር፤ እኔ ጎንበስ ብዬ «አለሁ፣ አለሁ፣ ኧረ አለሁ!» ስል ትስቂ ነበር። ያ ሰው ግን ገና ጀማሪ ነውና አታስጠብቂው።

ከተነሳ በኋላ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አሳርፉት። ጥላ ይሁን፣ መስኮቱ ይከፈት። ፀሐይ አይንካው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ፀጉሩ እንደ ካርቶን ይጠነክርብሻል፤ አትደንግጪ። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ሳይሆን ፀጉሩ ወደ ተኛበት ብቻ፣ በቀስታ ቦርሺው። የቱ ጋ እንደሚተኛ ጠፍቶብሽ ከሆነ መዳፍሽን አስኪጅበት፤ በአንደኛው በኩል እንደ ድመት ይለሰልሳል፣ በሌላው ይቃወምሻል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብሩሽ የፈረስ ጭራ ብሩሻችን ነው። እዚያ የሚሸጠውን አላምነውም። ስለዚህ የእኛን እልክልሻለሁ። በግራ እጅሽ ተበልቶ ወደ አንድ ጎን ስላዘነበለ ለእኔ እጅ አይመችም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ግን ስጦታ አይደለም። ውሰት ነው፣ የሱቅ ዕቃ ነው፣ ይመለሳል። ስትመልሺው ደግሞ በፖስታ አይሁን። የፈረስ ጭራ በሳጥን ተጨፍልቆ ሁለት ጊዜ አይጓዝም፤ አንዱን ጉዞ እኔ ተጠቀምኩበት። የሚመለሰው በእጅ ነው። ቀን አልቆርጥብሽም።

ወተት የሚወደውም ሰው መንገዱ ከቀናው፣ ጣሪያ ላይ የሚገለበጥ ምንጣፍ ሞልቷል በይው።

መንገድሽ ቀና፣ ቤትሽ ሙሉ፣ እጅሽ ጤነኛ ይሁን። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ብርድ ላይ በባዶ እግርሽ አትሂጂ፤ ምንጣፉ ላይ ግን ይቻላል፣ ለዚያ ነው የተሠራው።

አለሁ፣
እናትሽ

ነገ፦ ፖስታ ቤት፣ ሲከፈት። ብሩሹ መጀመሪያ በነጭ ጨርቅ፣ ከዚያ በጋዜጣ ይጠቅለል፤ ጋዜጣ ቀለም ይለቃል። ስመለስ የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ፦ ምንጣፏን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ብሩሹ እስኪመለስ እንድትጠብቀኝ መንገር።