አየርን ነዳጅ ማድረግ ይቻላል ያልኩ ጊዜ

ሰኞ

አፌን ምን አስከፈተኝ! በቀበሌው ውይይት አንዲት እናት ስለ ነጭ ጋዝ መጥፋት አንስተው «ልጆቼ በጨለማ ተቀመጡ» ሲሉ የካድሬው የጓድ ተረፈ ፊት ጠቆረ። ሴትዮዋን ላድናቸው ብዬ ተነሣሁ። የኬሚስትሪ መምህርት አይደለሁ? «አየር ውስጥ ካርቦን አለ፤ ሳይንስ እሱን ይዞ ነዳጅ ማድረግ ይችላል» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጓድ ተረፈም አጨበጨበ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ከክፍል አስጠሩኝ። ጓድ ተረፈ «የሆሳዕና መምህርት ከአየር ነዳጅ ልታወጣ ነው» ብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት አድርጓል። ዓርብ እንግዶች መጥተው ያያሉ።

ባለቤቴ ኤርጫፎ «አሞኛል በይና ሺንሺቾ እናትሽ ጋ ሂጂ» አለኝ። ብሄድ ሸሸች ይሉኛል፣ አይሆንም ብል አሻጥረኛ። በአሻጥር ስም የወሰዱት የሒሳብ መምህራችን እስካሁን አልተመለሰም። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ረቡዕ

ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለኝ፦ ኖራ፣ ጠርሙስ፣ ቱቦ። የብስክሌት መንፊያ ተዋስኩ። አየሩን በኖራ ውሃ ውስጥ ሳሳልፈው፣ ክንዴ እስኪዝል ቆይቶ፣ ውሃው ነጣ። ካርቦኑ ተያዘ! ለአፍታ ደስ አለኝ።

ግን ውሃውን ካነጣው ዱቄት ካርቦኑን ለማስለቀቅ ብርቱ እሳት ያስፈልጋል። ነዳጅ ለማድረግ ደግሞ ሃይድሮጅን፣ ግፊት፣ ሌላ እሳት። ከሚገኘው ነዳጅ የሚነደው ይበልጣል። ይሄን ማን ይሰማኛል?

ሐሙስ

ከሰዓት ጓድ ተረፈ ብቻውን መጣ። ሽጉጡን ታጥቋል። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ እውነቱን ነገርኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ሪፖርቱን ፈርሜ ልኬዋለሁ» አለ። «እህቴ፣ ምን ልበላቸው?»

እህቴ! እስከ ትናንት ጓድ መምህርት ነበርኩ። «መያዙን አሳያለሁ። ነዳጅ ማድረጉ ትልቅ ማሽን ይፈልጋል በላቸው፤ ውሸት አይደለም» አልኩት።

ዓርብ

መጡ። ውሃው ሲነጣ አዩ። «ነዳጁስ?» አሉ አለቃቸው። ጓድ ተረፈ ላቡን እየጠረገ ስለ ማሽኑ ተናገረ። ሰውዬው ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና «ማሽኑ ይገዛል! እንደደረሰ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። አጨበጨቡና ሄዱ።

ተርፌያለሁ፤ ማሽኑ እስኪመጣ። ጓድ ተረፈ እግዜር የለም ብሎ ሲያስተምረን የኖረ ሰው ነው። እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ በሩን ገጠም አደረገና «እንዳይመጣ ጸልዪልን» አለኝ።