በራችን ላይ በውስጥ በኩል ስለተጻፈው ክልከላ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአካባቢያችን የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ዓይንዎ ደኅና ነው? ስለ ዓይንዎ ለይቼ መጠየቄ በሙያዬ መነጽር ሠሪ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ጠዋት ከቤትዎ ሲወጡ መንገዱ ይከፈትልዎ፤ ማታም በሰላም ይግቡ። እኔ እንኳ ከመውጣቱም ከመግባቱም የለሁበትም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አቤቱታዎች ጠረጴዛዎ ላይ ለመቅረብ አፍረው መንገድ ላይ የቀሩ ስለመሰለኝ፣ ይኼኛው ከሰው ጋር አብሮ ቢመጣ ይደፍር ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን ትይዩ ባለው ሕንፃ ላይ ጂም ከተከፈተ ወዲህ የግቢያችን በር የደንበኞቹ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። እናቴ ኩላሊቷ ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ የማመላልሳትም እኔ ነኝ፣ ግቢ ውስጥ አሳድራት በነበረች አሮጌ መኪናዬ። የእናቴ ተራ ጠዋት ነው፤ ስፖርተኞቹም የሚመጡት ጠዋት ነው። ካረፈደች ማሽኑ ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል። ይህን ካወቁልኝ የቀረው ሁሉ ምስጋና ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፦ ምስጋናዬ በቅድሚያ ለስፖርተኞቹ ይድረስልኝ። በራችንን ዘግተው ወደ ሕንፃው ከሚገቡት መካከል አብዛኞቹ፣ ከቆሙበት ፈቀቅ ሳይሉ በሚያስሮጥ ማሽን ላይ ወጥተው ላብ በላብ እስኪሆኑ የሚሮጡ ናቸው። ከሕንፃው ጀርባ ሰፊ ማቆሚያ አለ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ እስከ መግቢያው በእግር መሄድን ይጠይቃል። ለመሮጥ የመጣን ሰው ሂድ ማለት ነውር መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁ። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም በሩ ሳይታያቸው ቀርቶ ይሆናል በማለት ዓይናቸውን በነፃ ልመረምርላቸው አስቤ ነበር፤ በኋላ ግን አንዱ በራችን መሆኑን አይቶ፣ የበሩን መሐል በዓይኑ ለክቶ፣ ሁለቴ አስተካክሎ ሲያቆም ስላየሁ ሐሳቤን ተውኩት። እንዲህ ያለ ዓይን መነጽር አያሻውም።

ጨዋነታቸውንም አልክድም። ስልክ ቁጥራቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው የመኪናቸው መስታወት ሥር ትተው ይሄዳሉ። ወደ አንዱ ደውዬ እናቴ ተራዋ እያለፈባት መሆኑን ባስረዳው፣ እያለከለከ መጣሁ መጣሁ አለኝ፤ እስከ ዛሬም እየመጣ ነው። አንዲት እመቤት ደግሞ ስፖርት ስትሠራ እንዳትረበሽ ስልኳን መኪናዋ ውስጥ ትታ ስለምትሄድ፣ በደወልኩ ቁጥር የሚጮኸው እዚያው በራችን ላይ ነው።

፪ኛ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ከብዙ ምልልስ በኋላ በበራችን ላይ የክልከላ ጽሑፍ የሚጽፉ ቀለም ቀቢዎችን ስለላከልን ከልብ እናመሰግናለን። ሠራተኞቹ ቀለማቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ መኪና ቆሞ ነበር፤ እንኳን ብሩሽ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። አለቃቸው ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። የሥራ ትእዛዙን አውጥቶ ቢያነበው በበሩ ላይ ይጻፍ ይላል እንጂ በየትኛው ገጽ እንደሚጻፍ አይልም። ስለዚህ ከትልቁ በር ጎን ባለችው ትንሿ የእግረኛ በር አጎንብሰው ገቡና፣ ጎረቤት በሚመሰክርለት ባማረ ቀይ ቀለም «የመኪና መግቢያ ስለሆነ ፊት ለፊቱ ማቆም በጥብቅ ክልክል ነው» ብለው በውስጥ በኩል ጻፉልን። ለማን ብዬ ብጠይቀው አለቃቸው ሥራው መጠናቀቁን ነገረኝ። እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ አካባቢ መኪና እንዳያቆሙ የተከለከልን ሰዎች እኔና እናቴ ብቻ ነን።

፫ኛ፦ የላኩልንንም የትራፊክ ፖሊስ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ የደረሰው ስፖርተኞቹ ታጥበው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ለክፋት አይደለም፣ እሱም መንገድ ተዘግቶበት ነው። በሩን ልመርምር ብሎ ሲገባ ጽሑፉን አነበበ፤ ዘወር ሲል የኔን መኪና ከጽሑፉ ፊት ለፊት ቆማ አገኛት። ጥፋት ያየበትን መኪና ሰሌዳ ሳይመዘግብ ከተመለሰ አለቃው መምጣቱን እንደማያምንለት እየተቅለሰለሰ አጫወተኝና፣ ይቅርታ ጋሼ ብሎ የቅጣት ወረቀት ቆረጠልኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። በገዛ ግቢዬ ውስጥ በገዛ በሬ ፊት በማቆም የተቀጣሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ክብሩ ለጽሕፈት ቤትዎ ይሁን።

፬ኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናው ትንሽ ያንቀኛል፤ ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት በሩ እንደ ልማዱ ተዘጋ። ክላክስ አደረግሁ፣ ደወልኩ፣ ጂሙ ድረስ ወጥቼ ለመንኩ። ሙዚቃው ስለሚጮህ ማንም አልሰማኝም። ተራዋ አለፈ። በማግሥቱ እናቴ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጋደም ማለት እንኳ አቅቷት ትራሷን ተደግፋ ሳያት ፈራሁ። ይህን በፌዝ የምሸፍንበት ቃል አጥቻለሁ፤ በጣም ፈራሁ።

በሚቀጥለው ተራዋ በሩ ዳግም ተዘጋ። ጎረቤታችን አናጢው ከሥራው ተጠርቶ መጣና፣ እሷን ከወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠን በትንሿ በር አሾልከን፣ በመኪናውና በግንቡ መሐል በጎን እያለፍን፣ ታክሲ እስከሚገኝበት ዋና መንገድ ድረስ ተሸከምናት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበችና ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ይኼንን ሸክም ለቀብሬ ባቆያችሁልኝ» አለችኝ። በሕይወቷ ሰው ላይ ሸክም ሆና የማታውቅ ሴት ናት።

ጂሙ በሚዘጋበት በአንድ እሑድ መኪናዬን አወጣሁና እናቴን ወደ ታናሽ እህቴ ቤት ወሰድኳት፤ መኪናዬንም እዚያው ደጃፏ ላይ ተውኳት። እዚያ ግቢም የመኪና በርም የለም፤ ቤቱ ቀጥታ መንገድ ላይ ስለሆነ የሚዘጋባት ነገር አይኖርም። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት ትታ፣ በሁለት የልጅ ልጆች አልጋዎች መሐል በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ታድራለች። ስልክ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ ነው ቤቴ የምገባው ትለኛለች። ይህን ጥያቄ እንደ ሌሎቹ አቤቱታዎች ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

ከጥንካሬዎ ሳይጎድሉ፣ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ፣ ለዘወትር በቦታዎ እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ ውለታዎን ቆጥሬ የማልጨርሰው፣ በሩ የተዘጋበት ታዛዥዎ፤

ከጂሙ ትይዩ ያለሁት መነጽር ሠሪ

ማስታወሻ፦ እናቴና መኪናዬ ከሄዱ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ጥላ ያለው፣ ጥበቃም የማያሻው አንድ የመኪና ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ለአገልግሎትዎ ማስታወሻ እንዲሆን ቦታውን ለክቡርነትዎ መኪና በነፃ ሰጥቻለሁ። ነገ ጠዋት ይምጡና ይግቡበት፤ በሩን ከውስጥ ከፍቼ እጠብቅዎታለሁ። ማለፍ ካቃተዎት ክላክስ ለማድረግ አይድከሙ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።