በጳጉሜ ሰባት የተወለዱ

እንጅባራ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም.

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራልና እንደምን አለህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የአዲስ አበባ ኑሮህ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ሳትጠይቀኝ የምነግርህ እናቴ እንዲህ አድርጋ ስላሳደገችኝ እንጂ ይገባሃል ብዬ አይደለም። በወረቀት የጻፍኩልህም ስምህን ፖስታው ላይ በእጄ መጻፍ ስላማረኝ ነው። ለምን እንዳማረኝ ስታነብ ትረዳዋለህ።

አንተ «የሦስት ወር ስልጠና ነው» ብለህ ከሄድክ ወዲህ፣ ሁለታችን በዚያች ጠባብ ክፍል ተቀምጠን የገበሬዎች ዩኒየኑን የድንች ዘር ተቀባይ አባላት የመዘገብንበት ፕሮግራም ሞቷል። የሠራው ድርጅት ትቶታል። አሮጌው ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ፤ አዲሱ ደግሞ ያንን ፕሮግራም አላውቅህም አለው። ፋይሉ በእጄ አለ፣ የሚከፍተው ግን የለም። ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። በሌላ ሰው ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰማ «ኔትወርክ የለም» ብለህ ዘጋኸው። ኔትወርክ አለመኖሩን በስልክ የሚናገር ሰው ከአንተ በፊት አልገጠመኝም።

ዘሩ በተራ እንደሚታደል ታውቃለህ። አምና የወሰደ ዘንድሮ ይቆያል፣ የቆየው ይወስዳል፤ ተራው ያለው ደግሞ በዚያ በማይከፈተው ፋይል ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዓለምነው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈተ ተራውን ራሴ እደለድላለሁ አሉ። እሳቸው ሲደለድሉ ማን እንደሚቀድም አገር ያውቀዋል። የሚስታቸው ዘመዶች ከወዲሁ ጆንያ ማጠብ ጀምረው ነበር። ከዘንገና ሐይቅ በላይ ያሉት፣ ቢሮ ውስጥ ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው፣ ዘር ሳያገኙ ክረምት ሊገባባቸው ነው። ከነሱ አንዱ አባትህ ናቸው።

«ላይብረሪ» የሚሉትን ዝግጁ ኮድ ለማንም በነጻ ክፍት አድርገው የሚያስቀምጡ ሰዎች እንዳሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጓደኛዬ ራሂማ ሱቅ ውስጥ ከሳሙናው ካርቶን ጎን ተቀምጬ፣ በሷ ኢንተርኔት ፍለጋ ጀመርኩ። ለአቶ ዓለምነው ላይብረሪ እየፈለግሁ ነው ብላቸው «ከሥራ ሰዓት ውጭ አንብቢ» አሉኝ። የመጀመሪያው ያገኘሁት የገበሬውን ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት አደረገው። ሌላው ስሙን በደንብ አሻገረ፤ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ስለመሰለው ግን በጳጉሜ የተመዘገበውን ሁሉ ወርውሮ ጣለ። ሌላም አገኘሁ፣ ባለቤቱ ትቶት ከሄደ ዓመታት አልፈውታል፤ ለጥያቄ የሚመልስ የለም። ይህስ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ሲጨንቀኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ስሜን ከነአባቴ አድርጌ፣ አንዱ የጥያቄ ገጽ ላይ ችግሬን ለጠፍኩ። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ሰው መለሰልኝ። ስሙ ፊደልና ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የሚከፍት፣ የኢትዮጵያን ቀን የሚያውቅ ትንሽ ላይብረሪ ሠርቻለሁ፣ ሞክሪው አለኝ። ሞከርኩት፣ ሠራ። የጎደለውን ስነግረው ማግስቱን አስተካክሎ ያስቀምጥልኛል። አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ሞኝ ጥያቄ ስጠይቅ አይስቅብኝም። ሰው እንዲህም ይሆናል ወይ ብዬ ተደነቅሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ወደድኩት። ለራሂማ ስነግራት «መልኩን ሳታዪ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ቀን የድሮውን መዝገብ ከማን ጋር እንደሞላሁት ጠየቀኝ። እኔም ነገርኩት። ሽማግሌ ልኮ፣ ወላጆቼ እሺ ብለውት፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላ ከተጠነሰሰ በኋላ የጠፋ ፈሪ ነው አልኩት። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት አባቱ፣ ቃላቸው መሬት ስለወደቀ ዛሬ አባቴ መጣ ሲባሉ መንገድ እንደሚቀይሩ ነገርኩት። «ምናልባት ምክንያት ይኖረዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ምክንያት ያለው ሰው አፍ አለው አልኩት። እሱም ወሬውን ወደ ፋይሉ መለሰው። ሰው አዝኖልኝ ወሬ የቀየረ መስሎኝ ነበር።

ፋይሉን አሻግሬ ከመጨረሴ በፊት ኮዱን ራሱን ከፍቼ ልየው ብዬ አነበብኩት። መሐል ላይ አንዲት ትእዛዝ አለች፤ የልደት ቀን ጳጉሜ ሰባት ከሆነ ባዶ አድርገህ እለፈው ትላለች። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየኋት። ጳጉሜ አምስት ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች፤ ሰባት ሆና አታውቅም። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ገበሬ ሲመጣ፣ ማንም እውነተኛ ቀን ነው ብሎ እንዳይሳሳት ጳጉሜ ሰባት ብለን እንጻፍለት ያልኩት እኔ ነኝ። «የሌለ ቀን ለሌለ ልደት» ብለህ የሳቅከው አንተ ነህ። ከዚያች ክፍል ውጭ ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም።

እኔ ለካ አንተን ያማሁት ለራስህ ኖሯል። ተቀምጠህ ሰማኸኝ። ያመሰገንኩህንም በላህ፣ የሰደብኩህንም ዋጥክ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ነኝ አላልክም። ረዳሁሽ እንድትለኝ አልጠብቅም። በድብቅ የሚረዳ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ግን የተደበቅከው ይቅርታ ላለመጠየቅ ነው። በቁጥር ስም ደግ መሆን ቀሎህ፣ በአባትህ ስም ሰው መሆን ከበደህ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ደግሞ የወደድኩትን ሰው ነጥቀኸኝ መሄድህ ነው፤ አሁንም ለሁለተኛ ጊዜ።

ሥራህ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አንድም ሰው አልጎደለም፣ አንድም ተራ አልተዛባም። አቶ ዓለምነው ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ዘሩ በተራው ታደለ፤ የሚስታቸው ዘመዶችም ያጠቡትን ጆንያ ይዘው ተመለሱ።

አባትህም መጡ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ዐይናቸው ደክሟልና የጎረቤት ልጅ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው «ያቺ ልጅ የለችም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አለሁ አባባ ስላቸው በድምፄ አወቁኝና አንገታቸውን ደፉ። ሲፈርሙ ጣታቸውን ይዤ ቦታው ላይ አኖርኩላቸው። ተራዬ ጠፍቷል ብለውኝ ነበር፣ ማን አገኘልኝ አሉ። አንድ የማላውቀው ሰው ነው፣ ስሙንም አልነገረኝም አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ባርኔጣቸውን አወለቁና «የማንም ልጅ ይሁን፣ የወለደው አባት በዐይኑ ይየው» ብለው መረቁት። እኔም ስለ አንተ አሜን አልኩ።

መንገዱ ከዚያ እዚህ የአንድ ቀን ነው፤ የማለዳው አውቶቡስ ማታውን ያደርሳል። መድኃኔዓለም ልብ ይስጥህ። ለእኔ መልስ አትጻፍ።

ሽማግሌ የላክህባት